አፈሩን ገለባ

አባቴ ቱፋ ሲቀበር፣ ነፋሱ የአዳማ
ድንኳኑን ገልቦ ሄደ፣ የቄሱን ቃል ማንም በቅጡ ሳይሰማ።
«አፈሩን ገለባ ያድርግለት» አሉኝ፣ እጄን እየጨበጡ፣
ሽንኩርት የገዙት፣ የውኃ ተራ የተሻሙት፣ ከዶዶታ ድረስ የመጡ።
አሜን አልኩ። እርሻው ለኔ ቀረ፤ ከአዋሽ የሚጠጣ፣
ሁለት ጥማድ መሬት፣ ዓመት በዓመት ማዳበሪያ ብቻ እየበላ የመጣ።

ሽንኩርቴ ጫፉ ቢጫ፣ ሥሩ እንደ ሽማግሌ ጢም የሳሳ፤
ዩሪያ ጨመርኩለት። ደግሜ ጨመርኩ። ጭራሽ ኮሳሳ።

ሲምቦ መጣች በሞተሯ፣ ቅንድቧ ባቧራ ነጥቶ፤
አንድ እፍኝ ዘግና አሸተተች። ምንም። ሽታው ጠፍቶ።
«ጥጥ አለህ? ንጹሕ ጥጥ፣ ናይለን ያልገባበት።»
የአባቴ ሸሚዝ አለ፣ አቡጀዴ፣ ሰርግ የሄደበት።
«ቅደደው» አለች። አንዱን ከሽንኩርቱ መሃል፣
ሌላውን ከአጥሩ ጥግ፣ ግራሩ ቅጠሉን ከሚያራግፍበት ክልል።
ስንዝር ቆፍሬ ቀበርኩ። ስልሳ ቀን ጠብቅ ተባልኩ።
ሁለተኛ ቀብር ነበር፤ ለቅሶ ደራሽ የለው፣ እኔው ብቻ ቆምኩ።

በስልሳኛው ቀን
ከእርሻዬ የወጣውን አፈሩን አራገፍኩት፤
ነጭ። ሙሉ። ቢታጠብ ለእሁድ በለበስኩት።
ከግራሩ ሥር ግን ሸሚዝ የለም። ስፌቱ፣ ያ የናይለን ክር፣
አንድ ቁልፍ፣ ቁልፉ ላይ የተጠመጠመ ቀይ ትል፣ ሆዱ ሙሉ አፈር።
ሲምቦ ሳቀች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። «አየህ፣ እዚህ ቤት ሰው አለ፤
እዚያ ግን ቀኑን ሙሉ ብታንኳኳ፣ የሚከፍት የለ።»

ስንቴ ተሳድቤያለሁ፣ «አፈር ብላ» ብዬ፣
አፈሩ ራሱ ጦሙን ሲያድር ከእግሬ ሥር፣ ከገዛ ማሳዬ።

እነማን ናቸው እዚያ? ስማቸውን አላውቅም፤
ባንድ ማንኪያ አፈር ያሉትን፣ ሲምቦ እንዳለችው፣ የአዳማ ሕዝብ አያህልም።
ፈትል የሚያስንቅ ነጭ ክር ከሥር ወደ ሥር ይዘረጋሉ፣
ሥሩ ካልደረሰበት ስንጥቅ ገብተው ውኃ ይቀዳሉ፤
እሱም በፈንታው፣ ቅጠሉ በፀሐይ ያበሰለውን
ያጎርሳቸዋል በጨለማ፣ ማንም የማያየውን።
የሞተውን ያብላሉ፣ በሽታውን ከደጅ ይመልሳሉ፤
ቀባሪ፣ አዋላጅ፣ ዘበኛ፣ ሁሉንም ባንድ ደመወዝ ይሠራሉ።
ያንን ደመወዝ ነው እኔ ያስቀረሁት።

«ገለባ ያድርግለት» ሲሉኝ፣ አሜን ያልኩት ላባቴ ነው፤
አፈሩስ? ለአፈሩ ገለባውን የሚያለብሰው ማነው?

ገዛሁ። የጤፍ ገለባ፣ በአይሱዙ፣ ግማሽ ጭነት፤
ጎረቤቴ ዳዲ ሳቀብኝ፦ «ለሽንኩርት ፍራሽ? አቤት ቅንጦት!»
ነፋሱም ያው ነፋስ ነው፤ ከኮረብታው መብራት ሲፈትል አምሽቶ
ወረደና ግማሹን ለዳዲ በቆሎ አለበሰው፣ ግማሹን አስፋልቱ ላይ ዘርቶ።
የተረፈውን በድንጋይ ጫንኩት። በውኃ አራስኩት። ፍግ ጨመርኩ። ተውኩት።
የመድኃኒት መርጫውን ከምስማሩ ላይ አላወረድኩም።
ዋሸሁ። አንዴ አወረድኩት።

ዘንድሮ ምርቱ? ካምናው ትንሽ ይሻላል፤ ለወሬ አይበቃም።
ግን ትናንት አንድ ሽንኩርት ስነቅል፣ ሥሩ አፈሩን ጨብጦ አልለቅም፣
አልለቅም አለኝ። እንደ ዱሮው ተራግፎ አልወጣም።
አሸተትኩት። ዝናብ ዝናብ ይላል።

ከሸሚዙ የቀረ እጅጌ ነበር። ገለባው ሥር ቀብሬዋለሁ።
ስልሳ ቀኑ አልፏል። ሲምቦ «አውጣው» ትላለች፤ «እሺ» እላለሁ፣ እውላለሁ።
ፈርቼ አይደለም።
እጁ እዚያ ውስጥ ያለ ይመስለኛል።
ይብሉት። ሲጠግቡ፣ ሽንኩርቱ ይነግረኛል።